ቡና ያፈሰሱላት ልጅ

የእርጥብ ጆንያ ሽታ ዛሬም ሆዴን ባር ባር ያሰኘዋል። በቀደም ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ ድንገት ዝናብ ቢጥል ከአንድ እህል ቤት በረንዳ ሥር ተጠግቼ ቆምኩ፣ ደጃፉ ላይ የተቆለለውን ባዶ ጆንያ ውሃ ነካው፣ ያ ቃጫና አፈር፣ የጥሬ ቡና አቧራም ያለበት ሽታ ተነሣና አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ወዲያው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የእናቴን ምሳ በፎጣ ቋጥሬ፣ ከሰፈራችን ከሄርማታ ወደ ቡና ማበጠሪያው የሚወስደውን መንገድ ስወርድ ታየኝ።

ያኔ የምንኖረው ሄርማታ ገበያው አጠገብ፣ በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። አባቴ ወደ ሰሜን ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «የዘማች ቤተሰብ» እያለ ሲያዝንልን፣ እናቴም ሬዲዮ በተከፈተበት ደጅ ስታልፍ እርምጃዋን ስትቀንስ አያለሁ፤ እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ሁለታችን ብቻ መሆናችን ደስ ይለኝ ነበር። እናቴን ከማንም ጋር አልካፈላትም ነበር። አልጋው አንድ ነው፣ እኔ በግድግዳው በኩል እተኛለሁ፣ ጀርባዋን እቅፍ አድርጌ አድራለሁ፣ ዳቦ ስትቆርስ መጀመሪያ የምትሰጠው ለእኔ ነው። ሣጥኗ ውስጥ ደግሞ አባቴ ሊሄድ ሲል የገዛላት ቢጫ ሻሽ ነበረ፣ እሷ አስራው አታውቅም፣ እኔ አንዳንዴ አውጥቼ ጉንጬ ላይ ሳደርገው «ተይው፣ አሥር ዓመት ሲሞላሽ ያንቺ ነው» ትለኝ ነበር። አሥር ዓመት እስኪሞላኝ ወሩን እቆጥር ነበር።

የገና በዓል አልፎ ጥር ሲገባ፣ ከሰቃ፣ ከአጋሮ፣ ከየገጠሩ የተሰበሰበው ቡና በጭነት መኪና እየመጣ ማበጠሪያው ውስጥ ይከመር ነበር። እናቴ የቡና ለቀማ ሠራተኛ ነበረች። በሰፊው አዳራሽ ወለል ላይ ሸራ ይነጠፋል፣ ቡናው ይፈስሳል፣ ሴቶቹ ጫማቸውን በሩ ላይ ያወልቁና እግራቸውን ታጥበው ገብተው፣ አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ ሸፍነው፣ በረድፍ ተቀምጠው ጥቁሩንና የነቀዘውን ፍሬ እየለዩ ይለቅሙ ነበር። ከሕጉ ሁሉ የበለጠው ሕግ አንድ ነበር፦ ቡናው ላይ በጫማ አይረገጥም። ይህን ሕግ የምታስከብረው ካቦዋ፣ አዴ ነፊሳ የምንላት፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፀ ወፍራም የሰቃ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁን ራሱን «ጓድ፣ ጫማ!» ብላ ከበር መልሳዋለች ይባል ነበር። እኔ ምሳ ሳመጣ እግሬን አስታጥባ ታስገባኝና፣ ከእናቴ በስተግራ ባለችው ጠባብ ቦታ ተቀምጬ ትንሽ እንድለቅም ትፈቅድልኝ ነበር። ያቺ ቦታ የእኔ ነበረች። ቀኑን ሙሉ የምጠብቀው እሷን ነበር።

የካቲት ላይ ሸምሲያ መጣች።

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከሰቃ ቡና ጭኖ ሲመጣ መንገድ ላይ አግኝቷት፣ አዝኖላት፣ ጆንያው ላይ አሳፍሮ ማበጠሪያው በር ላይ አወረዳት። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። አንድ እግሯ ላይ ጫማ አልነበረም፣ ከንፈሯ አብጦ ነበር። አዴ ነፊሳ የራሷን ቤት የሰቃ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው እሷ ዘንድ ማሳደር አልቻለችም፣ ስለዚህ እናቴ ነጠላዋን አልብሳ ወደ ቤት ይዛት መጣች።

«ሚሚ፣ ይቺ እኅትሽ ናት» አለችኝ።

«እኅት የለኝም» አልኳት።

እናቴ ተቆጣችኝ። ከዚያ በፊት በሰው ፊት ተቆጥታኝ አታውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ያልነገሩኝንና ካደግኩ በኋላ እናቴ የነገረችኝን ልናገር። ሸምሲያ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ አንድ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ጠልፏት ነበር። ሦስት ሳምንት ቆልፎባት ኖሯል። ያደረሰባትን እናቴ ስትነግረኝም አንገቷን ደፍታ ነው፣ እኔም እዚህ አልደግመውም። ሽማግሌዎች በመሃል ገብተው አባቷን ከብት አስቀብለው አስታርቀዋል፣ ስለዚህ አምልጣ ቤቷ ብትመለስ አባቷ ራሱ መልሶ ይወስዳት ነበር። በዚያ ዘመን ይህን ወንጀል ብሎ የሚጠራው ሰው እኛ ሰፈር አልነበረም። «ጠለፋት» ይባላል፣ «አገባት» እንደሚባለው ሁሉ፣ ከዚያ ወሬው ስለ ድግሱ ይሆናል። ሴቶቹ ያሰቡት፣ ቀበሌው ቃሏን የሚሰማት የሴቶች ማኅበሯ ሊቀመንበር ሳምንታት ከሚፈጅ ስብሰባ እስክትመለስ ልጅቷን ደብቀው ማቆየት ነበር። ከዚያ በፊት ከተገኘች፣ ተይዛ ወደዚያ ቤት ትመለሳለች።

እኔ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላውቅም። «ለምን መጣች?» ብዬ ስጠይቅ እናቴ «ልጅ ነሽ፣ አይገባሽም» ትለኝ ነበር። ስለዚህ የማየው የሚታየውን ብቻ ነበር። ሸምሲያ የግድግዳውን በኩል ወሰደች፣ እኔ ወደ አልጋው ጠርዝ ተገፋሁ። እናቴ ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ የምትጠይቀው «በላሽ?» ብላ እሷን ነው። ውሃ አሙቃ፣ ጨው ጨምራ እግሯን ታጥብላት ነበር፣ ልጅቷ በእንቅልፏ ስትባንን ደግሞ ጀርባዋን እየመታች እንደ ሕፃን ታባብላት ነበር። እኔም አንድ ሁለት ጊዜ ሆን ብዬ ባነንኩ። እናቴ «ተኚ፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው» አለችኝ።

ይባስ ብሎ ሸምሲያ ክፉ አልነበረችም። ቀሚሴን ታጥብልኝ ነበር፣ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ደብተሬን ጠርጋ ትሰጠኝ ነበር፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ እፎይ እል ነበር። አንድ ቀን ለብቻችን ስንሆን «የሰው ቤት አይሰለችሽም?» አልኳት።

«ይሰለቻል፣ ወላሂ» አለችኝ። «የት ልሂድልሽ?»

«ቤትሽ!»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ወር ሳይሞላት ቤት ውስጥ ብቻዋን መዋሉ አስፈራት፣ ሴቶቹም ከመካከላቸው ሆና ብትውል ይሻላል ብለው ወደ ለቀማው ወሰዷት። ሁሉም አፋቸውን ሸፍነው ስለሚውሉ ከሰማንያ ሴት መሀል ማን ማን እንደሆነች አይታወቅም። ለመሸፈኛ የሚሆን ግን አልነበራትምና እናቴ ሣጥኗን ከፈተች። ቢጫውን ሻሽ አወጣች።

«የእኔ ነው!» አልኩ።

«ሻሽ ነው፣ ሚሚ፣ ጨርቅ ነው። ላንቺ ሌላ ይገዛል።»

በማግስቱ ምሳ ይዤ ስሄድ፣ ከእናቴ በስተግራ ባለችው ቦታ ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት ተቀምጣ አገኘሁ። አዴ ነፊሳ እግሬን ልታስታጥበኝ ስትል «አልገባም» ብዬ ምሳውን በሩ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። እስከ ቤት ድረስ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት።

መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ ጀመረ። በአንድ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ እናቴ ሳሙና እንዳመጣ ቀበሌው ሱቅ ልካኝ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ሰልፈኛውን በኦሮምኛ እየጠየቀ መጣ። የጠፋች ልጅ እየፈለገ ነበር። ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። እኔ ዘንድ ሲደርስ ድምፁን ለሰስ አድርጎ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሸምሲያ የምትባል ከሰቃ የመጣች አላየሽም? እናቷ በናፍቆት ታማለች፣ ማሎ» አለኝ። ማሎ የሚለው ልመናው እንደ እውነት ልብ ይበላ ነበር።

ማንም አላስገደደኝም፣ ምንም አልሰጠኝም። ዛሬም ይህን ለራሴ አላሳምረውም። ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ እሷም እናት አላት፣ ታዲያ የእኔን ለምን ትወስዳለች?

«ቡና ለቀማ ነው የምትውለው» አልኩት። «ቢጫ ሻሽ ያሰረችው ናት።»

ሽማግሌው ራሴን ዳሰሰኝና መረቀኝ። ሳሙናዬን ይዤ እየዘለልኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

በማግስቱ ምሳ ይዤ ስደርስ የማበጠሪያው በር ላይ ያ ሽማግሌና ሌላ ሽማግሌ፣ ከኋላቸውም ሦስት ጎረምሶች ቆመው አገኘሁ። ዘበኛው ከጎናቸው ቆሞ ጣቶቹን ያፍተለትላል። በመካከላቸው ሾልኬ አየሁ። ቢጫው ሻሽ ከግድግዳው ሥር ወደ ታች ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ነበር። ሸምሲያ እናቴ ጀርባ ተጣብቃ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ ከጎረምሶቹ በአንዱ ላይ ዓይኗ ፈጥጦ ቀርቷል፣ የተቀመጠችበት ሸራ ደግሞ ከሥሯ እየረጠበ ሲሄድ ታየኝ። ሽንቷ ልብሷ ላይ አምልጧት ነበር። እኔ ያን ያህል ትልቅ ሰው እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም ነበር። ሰው ወደ እናቱ ሊወስዱት ሲመጡ እንዲህ እንደማይሆን ያን ጊዜ ገባኝ። የቀረውን ሳላውቅ ይቺን ብቻ አወቅኩ።

«እንደምን ዋላችሁ፣ እናቶች» አለ ሽማግሌው። «ልጃችንን ልንወስድ ነው። ነገሩ አልቋል፣ አባትየው ታርቋል።»

«የምን ልጅ?» አለች አዴ ነፊሳ። «እዚህ ያለው ቡና ነው።»

«ቢጫ ሻሽ ያሰረችው።»

የእናቴ እጅ ሰፌዱ ላይ ቀጥ አለ። አዴ ነፊሳ ወደ ኋላዋ አልዞረችም። አጠገቧ የቆመውን ጆንያ አፉን ፈታችና ገፋችው፣ ቡናው እየተንሿሿ መተላለፊያው ላይ ፈሰሰ። «ሴቶች፣ ሥራ!» አለች። ሴቶቹ ወዲያው ገባቸው። አንዷ ጆንያ ትገለብጣለች፣ ሌላዋ በመዳፏ ትገፋለች፣ ከበሩ እስከ ግድግዳው የነበረው መረገጫ ሁሉ ባንድ አፍታ አረንጓዴ ሆነ፣ ሸምሲያም ወዲያ ማዶ ቀረች።

ሸምሲያ ያፈጠጠችበት ጎረምሳ እግሩን አነሣ።

«ቁም!» አለችው አዴ ነፊሳ። «ጫማህን እየው። ይህ ቡና የመንግሥት ነው፣ ውጭ አገር ነው የሚሄደው። ረግጠህ ብትሰባብረው ምን እንደሚባል ታውቃለህ?»

«የኢኮኖሚ አሻጥር!» አለች አንዲት ሴት ከወዲያ ጥግ፣ መሠረተ ትምህርት ላይ የተማረችውን ቃል አፏን ሞልታ።

ዘበኛው «እኔ የለሁበትም» ብሎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«ጫማችንን እናወልቃለን» አለ ሽማግሌው።

«የእሱ እግር የገባበትን ቡና ማን ሊጠጣው ነው?» አለች ሌላዋ። «ፈረንጆቹ ምን በደሉን!»

ሴቶቹ ከሻሻቸው ሥር ሳቁ። ሽማግሌው ግን አልተቆጣም፣ ድምፁን እንደ ትናንቱ ለሰስ አደረገ። «ነፊሳ፣ አንቺም የሰቃ ልጅ ነሽ። ባህሉን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ» አለች። «እኔንም በዚሁ ባህል ነው የወሰዱኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹ለመደች› ተባለልኝ። አንድ ሰው መጥቶ ‹ለመድሽ ወይ?› ብሎ ጠይቆኛል?»

ሳቁ ጠፋ። ያኔ ነው እናቴ በሰዎቹ ትከሻ ላይ አሻግራ እኔን ያየችኝ። ከቡናው ውጭ የነበርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ሚሚ፣ ወይዘሮ አበራሽ ተመልሳ እንደሁ ጥሪያት፣ ሩጪ!»

ወይዘሮ አበራሽ የሴቶች ማኅበሯ ሊቀመንበር ነበረች፣ ቤቷ ከድልድዩ ማዶ ነው። ሮጥኩ። እውነቱን ለመናገር ድልድዩ ላይ ስደርስ እርምጃዬን ቀነስኩ። ብዘገይ ይወስዷታል፣ አልጋው የእኔ ይሆናል፣ ቦታዬም የእኔ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ውሃውን ትክ ብዬ እያየሁ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከዚያ የረጠበው ሸራ ትዝ አለኝና የምሳውን ቋጠሮ እዚያው ጥዬ ሮጥኩ።

ወይዘሮ አበራሽ ከስብሰባው የተመለሰችው በዚያው ጠዋት ነበር። እጇ ላይ ያለውን የሳሙና አረፋ ሳታደርቅ፣ መንገድ ላይ ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች አስከትላ ደረሰች። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ሊያስረዷት ሲከቧት በእጇ ገለል አድርጋቸው፣ በቡናው ዳር ተንበርክካ ወደ ወዲያ ማዶ «ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቃት ሰው እሷ ነበረች። ሸምሲያ ሻሹን ከአፏ ላይ አወረደችው።

«ሂን ዴሙ» አለች። አልሄድም።

አዳራሹ ሙሉ ሰው ሰማት። ሰዎቹ ጥቂት ተከራክረው፣ ጥበቃዎቹን አይተው፣ እየዛቱ ሄዱ። ሴቶቹ ቡናውን መልሰው ሲሰበስቡ፣ በመዳፋቸው እየጠረጉ ለሸምሲያ መውጫ ሲከፍቱላት እኔ በሩ ላይ ቆሜ እመለከት ነበር፣ ያን ሰዓት እንኳ ቀናሁ። ለእኔ ማን እንዲህ ቡና ያፈስልኛል አልኩ በልቤ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የመመላለስ ነበሩ። እናቴና አዴ ነፊሳ በግራና በቀኝ ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት፣ ወደ ቀበሌ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ወሰዷት፣ በየደረሱበት ያንኑ ነገር እንደገና ከመጀመሪያው እንድትናገር ትጠየቅ ነበር፣ እየተናገረችም ትደክም ነበር። በመጨረሻ ያለ ፈቃዷ ማንም እንዳይወስዳት የሚል ወረቀት አገኘች። ጠላፊውን ግን የነካው የለም። እርቅ ወርዷል ተባለ፤ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ይወጣ ነበር፣ እናቴ ስታየው መንገድ ትቀይር ነበር።

ያ አርብ ማታ፣ ሰዎቹ የመጡ ዕለት፣ እናቴ «ሻሹን ማን ነገራቸው?» ብላ ጠይቃ ነበር። ሸምሲያ አንዴ አየችኝ፣ ዓይኗ ውስጥ ሁሉንም እንዳወቀች አነበብኩ።

«መንገድ ላይ አይተውኝ ይሆናል» አለች።

ብታጋልጠኝ፣ ብገረፍ ይቀለኝ ነበር። ከጥፋቴ ያዳነችኝ እሷ ሆነች፣ በደግነቷም ጭምር ቀናሁባት። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲከብድ አጋሮ ያለች የአዴ ነፊሳ እኅት ልብስ ስፌት ላስተምራት ብላ ወሰደቻት። ስትሄድ እናቴ አለቀሰች፣ እኔ አላለቀስኩም። አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው በኩል ተመለስኩ፣ እናቴም ጀርባዋን ሰጠችኝ፣ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። መስከረም ሲጠባ አሥር ዓመት ሞላኝ፤ ሻሹን ግን አልጠየቅኩም።

ዛሬ እዚያው ከተማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው፣ የሁለት ሴት ልጆች እናት ነኝ። የምፈራ እናት ነኝ። ልጆቼ አሥር ደቂቃ ሲዘገዩ ደጅ እወጣለሁ፣ ከወፍጮ ቤት ዱቄት የማመጣው እኔ ነኝ። አሁን ጠለፋ በሕግ ወንጀል ነው፣ ስሙም ወንጀል ነው። በከተማችን ሐኪሙም፣ ፖሊሷም፣ የሕግ ሰውም በአንድ ቦታ የሚገኙበት ክፍል አለ፣ የደረሰባት ልጅ አንዴ ተናግራ ትጨርሳለች፣ ማረፊያም ይፈለግላታል። አምና ከጎረቤት ተከራይታ የምትኖር፣ ባሏ የደበደባት አንዲት ልጅ እየሮጠች እኔ ቤት ስትገባ የወሰድኳት ወደዚያ ነው። ከኮሪደሩ ወንበር ላይ ሆኜ አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ በቀስታ ስታስገባት አየሁ፣ ለሸምሲያ ብዬ ቀናሁ፤ ያ በር ያኔ ለእሷ ቢኖር ብዬ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን አለቀስኩ።

ልጅቷ ማረፊያው እስኪገኝላት አምስት ቀን እኛ ቤት ሰነበተች። የተኛችው የትንሿ ልጄ አልጋ ላይ ነበር። ልጄ አሥር ዓመቷ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ከንፈሯን ጥላ ስታኮርፍ አየኋትና ወደ ጓሮ ይዣት ወጣሁ። ሁሉንም ነገርኳት።

«ባሏ ነው የመታት?»

«አዎ።»

«ምን አድርጋ?»

«ምንም። ምንም ብታደርግም ሊመታት አይገባም።»

«ሰው ቢጠይቀኝስ?»

«‹እናቴን ጠይቁ› በይና ሮጠሽ ለእኔ ንገሪኝ። ዘመድ ነኝ ቢልሽም፣ ቢያለቅስልሽም።»

«እሺ» አለች። «ግን ስትሄድ የአልጋዬን አንሶላ ትቀይሪልኛለሽ።» ኩርፊያዋ አልጠፋም፣ እንዳኮረፈች ገባችና ለልጅቷ ውሃ ቀዳችላት፣ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ኳ አድርጋ አስቀመጠችው።

እናቴም እንዲህ ብትነግረኝ ኖሮ አልቀናም ነበር አልልም። እቀና ነበር። ለዚያ ሽማግሌ ግን አልናገርም ነበር።